በደጄ የሚቆሙት

ጥር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጧት 2 ሰዓት

ሐሰት ነው። እኔ በማለዳ ተነስቼ፣ መንገድ ተሻግሬ፣ በአባቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰው አልቀበልም። በከተማው እንዲህ እንደሚወራ ዛሬ ከከድጃ ሰማሁ። እዚህ ላይ ይታረም።

በመጀመሪያ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ወንበር የለም። ቀበሌው ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር የነበረውን ሁሉ ጭኖ ሄዷል፤ የፊቱ ቤት ባዶ ነው። ደግሞም ቤቱ ከተወረሰ ወዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ፊት ለፊቱ እየኖርኩ፣ በየቀኑ በመስኮት እያየሁት፣ አልረገጥኩም። ማለዳ የምሠራውም የታወቀ ነው። ጸሎት። መታጠብ። ጽጌረዳዎቹን ማጠጣት። ሻይ። አዳሪ ት/ቤት ሳለን አልጋዋን ያላነጠፈች ልጅ ቁርስ አታገኝም ነበር። ዛሬም አልጋዬን ሳላነጥፍ እንኳን መንገድ ልሻገር፣ ከመኝታ ቤቴም አልወጣም።

ከድጃን አንተ ደብተር ታውቃታለህ፤ ለሥርዓቱ ያህል ግን ልጻፍ። በአባቴ ግቢ ከኋላ፣ ድሮ የፈረስ ጋጣ በነበረው ክፍል ከልጆቿ ጋር የምትኖር ናት። የቀበሌ ቤት ነው፤ እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም ቤተሰቦች በየአገልግሎት ቤቱ አሉ። ከስልጤ መጥታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። በየጧቱ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በሬን ሳታንኳኳ ገብታ ሻይ ትጠጣለች። ሳታንኳኳ መግባቷን ለማረም ብዙ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ወሬውን ነግራኝ ሳቀች። እሷም አይታኛለች አሉ።

«ከጀርባ ነው ያየሁሽ፣ እማማ። የአንቺን ጀርባ ደግሞ ማን ይሳሳተዋል? የስልክ እንጨት እኮ ነው።»

መነጽር ያስፈልግሻል አልኳት። እንደገና ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ጥር 6፣ ረቡዕ

የግቢዬ በር ሥር የማር ገንቦ። አፉ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በልጥ ታስሯል። ማን እንዳስቀመጠው ያየ የለም። ከቅጠሉ ላይ የጫካ ሽታ ይሸታል፤ የጭልሞ ጫካ ማር ነው።

ሌላም አለ። ከበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል። ትናንት ማታ ድንጋይ ነበሩ። ዛሬ ነጭ ናቸው።

ይህን አይቼዋለሁ። በአባቴ ጊዜ እህል ተወቅቶ ሲያልቅ የበሩ ድንጋዮች በኖራ ይቀባሉ። በማግስቱ ጭሰኞቹ ይመጣሉ። ባዶ እጁን ጌታ ፊት የሚቀርብ የለም፤ ማር፣ ቅቤ፣ ሙክት፣ የአቅሙን ይዞ ነው። እጅ መንሻ ይባላል። እኔ ከመስኮት ሆኜ አያቸው ነበር። ሴት ልጅ በረንዳ አትወጣም።

ግን ያ ወዲያ ማዶ ነበር፤ በዚያኛው በር። የእኔ በር ቆርቆሮ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የተረፈችን ትንሽ ቤት በር። ማንም ጭሰኛ ቆሞበት አያውቅም።

ገንቦውን ዕቃ ቤት አስገባሁት። አልከፈትኩትም። ከድጃ ሰምታ፣ ያጨሽ ሽማግሌ ካለ ንገሪኝ፣ ለጥሎሽ የሚሆን ጨርቅ በቅናሽ አለኝ ብላ ቀለደች። ቀልዷን ወደድኩት። ድንጋዮቹን ግን ስትወጣ ዞራ አየቻቸው።

ጥር 7፣ ሐሙስ፣ ጧት 1 ሰዓት ተኩል

ጉም። ከበሩ ውጪ ሰው ቆሟል።

አንድ ሰው አይደለም። አይነጋገሩም። ባጃጅ ሁሉ እየጮኸ የሚያባርረው የጎረቤት ውሻ እግራቸው ሥር ተኝቷል። በመስኮት አያለሁ፤ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም።

አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። ከአባቴ ግቢ ከኋላ ቤቶች የሚኖሩ ናቸው፤ ልብስ ሰፊው፣ ሚስቱ፣ ባጃጅ የሚነዳው ጎልማሳ። ጥቂቶቹ ከጉደር በኩል የመጡ ናቸው፤ የአባቴ መሬት በነበረበት። ባጃጅ ነጂው ጋቢውን ደረቱ ላይ አጣፍቶ ጫፉን ወገቡ ላይ ጠምጥሞታል።

ይህ ማደግደግ ነው። ሰው ጌታው ፊት ሲቆም እንዲህ ይለብሳል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከአብዮቱ በፊት ነው። ያኔ ይህ ሰውዬ ገና አልተወለደም። ከየት አየው?

ከሰዓት በኋላ ጨምሬ ልጻፍ፦ ወጥቼ ጠይቄያቸዋለሁ። ስወጣ ሁሉም አጎነበሱ። አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ደህና ነኝ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው አልኩ።

«ደህንነትዎን ለመጠየቅ ነው፣ ጊፍቲ» አለ ባጃጅ ነጂው።

ጊፍቲ እመቤት ማለት ነው። እናቴ ነበረች ጊፍቲ። እኔ ለጎረቤቱ አዴ ጽጌ ነኝ። ለተማሪዎቼ ቲቸር ጽጌ ነበርኩ። ይህን ነግሬ፣ ወደ ሥራችሁ ሂዱ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ሄዱ። ግን ጀርባቸውን ሳይሰጡኝ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው የሄዱት።

አንድ ነገር አሁን ገባኝ። በአባቴ ጊዜ የጉደሮቹ ለበሩ ቅርብ ይቆማሉ። የጊንጪ መንገድ ሰዎች ከእነሱ ቀጥለው። ከወንጪ የሚመጡት ፈረሳቸውን ዛፍ ሥር አስረው መጨረሻ። ዛሬም የጉደሮቹ ለበሩ ቅርብ ነበሩ። ባጃጁ ግራር ሥር ቆሞ ነበር። የዚያ ሰውዬ አያት የወንጪ ሰው ነው።

ጥር 9፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ግርማ መጣ። የሟች ወንድሜ ልጅ። ከባኮ በቆሎ በጭነት መኪና እያመጣ የሚነግድ፤ አሁን ደግሞ የፓርቲው የከተማ ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል፤ ለምርጫው ሊወዳደር ነው። ጫማውን በር ላይ ጠረገ። ደህና አስተምሬዋለሁ።

ነገሩን አሁን አወቅሁ። ያለአግባብ ተወርሰዋል የተባሉ ቤቶች ጉዳይ በከተማው ሊታይ ነው። የአባቴ ቤት አንዱ ነው። በሕይወት ያለሁ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ጥር 20 እዚያው ቤት አዳራሽ ውስጥ በሚደረገው ስብሰባ ቀርቤ፣ ይመለስልኝ ብዬ በቃሌ መጠየቅ አለብኝ። የቀረው አልቋል ይላል። አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው፣ እሱም የእኔ።

ከዚያስ አልኩት። ከዚያ ሆቴል ይሠራል። የፊቱ ቤት እንዳለ ይታደሳል፤ የኋላዎቹ ቤቶች ይፈርሳሉ። ሰዎቹ ምትክ ቦታ ይፈለግላቸዋል። የት? ስልኩን አየ። እየታሰበበት ነው አለ።

ስለዚህ ከድጃ። ጋጣው። ግድግዳውን በየዓመቱ ራሷ የምትመርገው፣ ልጆቿን የወለደችበት።

የእናንተ ፓርቲ ደግሞ ከዚህ ምን ያገኛል ብዬ ጠየቅሁ። ሳቀ። የትልቅ ቤት ልጅ ሲቀርብ ሽማግሌዎቹ ያዳምጣሉ አለ። እኔም የባላባት ዘር የሚባል ነገር መቼ ነው ከስድብነት ወደ ሹመትነት የተዛወረው አልኩት። ይህን ሲሰማ ሳቁን አቆመ።

«እታባ፣ አባቴ በዚያ ስም ሥራ ተከልክሎ ነው የሞተው። ያ የከለከለው ወንበር ዛሬ ና ተቀመጥ ሲለኝ እምቢ ልበል? አንቺ ብትሆኚ ትይ ነበር?»

ወንድሜን አሰብኩ። በመጨረሻው ጊዜ በዚህ መስኮት ተቀምጦ ማዶውን ብቻ ያይ ነበር።

ያን አዳራሽም አሰብኩ። ከምድጃው በላይ አንድ ትልቅ ሚስማር አለ፤ የአባቴ ፎቶ የተሰቀለበት። ፎቶው ወረደ፣ የአብዮቱ መሪ ወጣ። እሱ ወረደ፣ ሌላው ወጣ። እዚያ ለጉዳያቸው የሚመላለሱ ሰዎች እንደነገሩኝ ሚስማሩን የለወጠው የለም።

ሰዎቹን አንተ ነህ የላክሃቸው አልኩት። የምን ሰዎች አለ። በር ላይ የቆሙት። ታክሲ የሚጠብቁ መስለውኝ ነበር አለ። አልዋሸም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ትናንት ጥምቀት። ታቦቱን አጅበን ስንመለስ እንደ ሁልጊዜው ከዳር ይዤ ነበር የምሄደው፣ ስለ ጉልበቴ። ከድልድዩ አጠገብ ሕዝቡ ተከፈለልኝ። ማንም አልገፋም፣ ማንም ምንም አላለም። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉ፤ መሀል ለመሀል መንገድ ሆነ። በዚያ ሄድኩ። ጉልበቴ አላመመኝም።

ለአንተ አልዋሽም። ወደድኩት።

ቤት ስደርስ በረንዳዬ ላይ ወንበር ተቀምጧል።

የአባቴ ወንበር። የጠፍሩ፣ ባለ ክንዱ። የቀኙ ክንድ ጫፍ ላይ ስርጉድ አለ፤ አባቴ ሰው ሲያዳምጥ በሁለት ጣቶቹ የሚመታበት። ከቤቱ ስንወጣ እዚያው ነው የቀረው። ጠፍሩ ቅቤ ጠግቧል፤ ሽታው የትናንት ነው። በሬ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ በኪሴ።

ዛሬ ጧት እንደ ልማዴ ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ። ከድጃ አልመጣችም። በዓሉ አድክሟት ይሆናል ልል ነበር፤ በዓሉ የእሷ አይደለም።

ጥር 14፣ ሐሙስ

የወንበሩን ነገር ደረስኩበት። ኦቦ ቶሎሳ።

ኦቦ ቶሎሳ የባጃጅ ነጂው አያት ነው። በአብዮቱ ጊዜ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር። አዋጁን በዚያ በረንዳ ላይ ቆሞ ያነበበው እሱ ነው። አባቴን አንተ ብሎ፣ ተነስ ያለው እሱ ነው። አባቴ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሳ።

ዛሬ ማለዳ ከቆሙት መካከል ነበር። ምርኩዝ ይዞ፣ እሱም አደግድጎ። ከመጨረሻው፣ ከግራሩ ሥር። ሌሎቹን አሰናብቼ እሱን አስገባሁት። በረንዳው ላይ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ፤ ቆሞ ነው ያወራኝ። እኔም ቆምኩ። ሁለት አዛውንቶች በአንድ ባዶ ወንበር ግራና ቀኝ ቆመን።

«ይህ የአንተ ሥራ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ?»

«ሥርዓት ነው ያስተማርኩት። እርስዎም አስተማሪ ነበሩ።»

«ጓድ ቶሎሳ ነበርክ እኮ።»

«ነበርኩ። ያኔ ሁሉንም ተነስ ነበር የምለው። አሁን ለራሴም ብለው የሚነሳ ጉልበት የለኝም።»

አልሳቅሁም፤ እሱ ግን ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ። በግቢው ውስጥ ቤቱ ሊመለስ ነው የሚለው ወሬ የተሰማ ለት ጎረምሶቹ ሰልፍ እንውጣ፣ ጎማ እናቃጥል ብለዋል። እሱ ተቆጣቸው። ማታ ማታ ሰብስቦ አጣፍተው መልበስን፣ አጎንብሰው መቆምን፣ ጀርባ ሳይሰጡ መውጣትን አስተማራቸው። በልጅነቱ የአባቱን ፈረስ ይዞ እኛ ደጅ ሲቆም ያየውን ሁሉ። ድንጋዩን የቀባ ልብስ ሰፊው ነው። ማሩን ማን እንዳመጣው ግን አያውቅም።

ለምን አልኩት። ቤት ሲወሰድ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ራሴ ወስጃለሁ አለ። መንግሥት መጣ ሄደ፣ በማን ደጅ እንደሚቆም ያወቀ ሰው ከቤቱ አይነሳም። ልጆቹ ይህን አያውቁም። እኔ ባለርስት አይደለሁም፣ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ አልኩት። ወንበሩን አየ።

«ወንበሩስ የት ነበር?»

«እኔ ቤት።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ተቀምጠህበታል?»

«አንድ ቀን ሞክሬ ነበር» አለ። «አይመችም።»

ሊወጣ ሲል፣ የቆሙበትን ቦታስ እንዴት አስተማርካቸው፣ ጉደር የቱ ጋ፣ ወንጪ የቱ ጋ ብዬ ጠየቅሁት። ቆም አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም።

«ስለ ቦታው ምንም አልነገርኳቸውም» አለ። «እኔም ግራሩ ሥር ራሴን ነው ያገኘሁት።»

የከድጃ ብርጭቆ እንደተገለበጠ ነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ተቀመጥኩበት። ጀርባዬን ለማሳረፍ ነበር። ፀሐይ ነበረች፤ ሌላ ወንበር ከቤት ማውጣት ታከተኝ።

በሩ ክፍት ነበር። የልብስ ሰፊው ሚስትና ጎረቤቷ ገቡ። አልጠራኋቸውም። በግድግዳቸው መካከል ስለሚያልፈው የቆሻሻ ውሃ ቦይ ይጣላሉ። አንዷ ስትናገር ሌላዋ ዝም ትላለች፤ በቤታቸው እንዲህ አይደሉም፣ ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አዳመጥኩ። ጨረሱ።

«ይሁን» አልኩ። «በታች በኩል ዞሮ ይቆፈር።»

እጅ ነስተው ሄዱ። ከምሳ በፊት ተቆፍሮ አልቋል። ቀበሌው ስንት ጊዜ ተመላልሶ ያልቻለውን።

ፍርዱ ትክክል ነው። ቦዩ በታች ቢዞር ማንንም አይነካም። ነገር ግን፣ ደብተሬ፣ እኔ «ይሁን» አልልም። በዕድሜዬ ብዬው አላውቅም። እኔ እሺ ነው የምለው፣ ወይም ጥሩ። ዝቅ ብዬ ሳይ ደግሞ ሁለት ጣቶቼ የክንዱን ስርጉድ እየመቱ ነው። ማቆም ነበረብኝ። ወዲያው አላቆሙም።

ከሰዓት በኋላ ስለ ሆቴሉ አሰብኩ። መጥፎ ሐሳብ ነው ለማለት ምክንያት ፈለግሁ፤ በቶሎ አልመጣልኝም። የአባቴ ቤት ነው። የፊቱ በረንዳ ቢታደስ። ጽጌረዳ ቢተከል። ወንድሜ ደስ ይለው ነበር።

ስለ ጋጣው ሳላስብ መሸ። ይህን የማውቀው አሁን ስጽፍ ነው።

ጥር 18፣ ሰኞ

ከድጃ መጣች።

በረንዳው ላይ ነበርኩ። ወንበሩ ላይ። በየጧቱ ስለምቀመጥበት ከእንግዲህ አልጽፍም። በሩ ገርበብ ብሏል። እሷ ስትመጣ ድምጿ ነው የሚቀድማት፤ ከመንገዱ ማዶ ጀምራ ነው የምታወራው። ዛሬ ድምፅ አልነበረም። ቀና ስል በሩ ውጪ ቆማለች።

ግቢ አልኳት። አልገባችም። ከድጃ፣ ሻይው ይቀዘቅዛል አልኩ። ያኔ ገባች። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ ወገቧ ላይ አስራለች። እጇ ላይ የታጠፈ ጨርቅ፤ ነጭ፣ ጥለቱ ወርቃማ፤ ከሱቋ ውዱ እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ለመዳሪያ የሚገዛው። እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ለእርስዎ ነው።»

እርስዎ። ከድጃ። ሰው ሁሉ እርስዎ ሲለኝ አንቺ ብላኝ፣ ጀርባሽ የስልክ እንጨት ነው ብላኝ የምትስቅ ሴት።

ከዚያ ጎንበስ አለች። ጉልበቴን ልትስም። ቤተሰቧ የእኛ ጭሰኛ ሆኖ አያውቅም። አገሯ እዚህ አይደለም፤ ሃይማኖቷም ለሰው መስገድን አይፈቅድላትም፣ ራሷ ነግራኛለች። ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ማታ ማታ ቆማ ተምራዋለች። ለጋጣው ስትል። ለልጆቿ።

ላነሳት ነበር። ዐውቃለሁ፣ ላነሳት ነበር። እጄን እንዲነሳ አዘዝኩት። አልተነሳም። ክንዱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ፤ ሁለቱ ጣቶች ብቻ ተንቀሳቀሱ። ከንፈሯ ቀሚሴን ነካ። ቀና ስትል ዓይኗን አየሁ። ውስጡ ቁጣ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ፍርሃት ነው ያለው። እኔን ነው የምትፈራው።

ጀርባዋን ሳትሰጠኝ ወደ ኋላ እየተራመደች ወጣች። ደረጃው ላይ ልትወድቅ ነበር።

ከሄደች በኋላ ነው እጄ የተነሳው።

ጥር 19፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ዛሬ ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ጉልበቴ በጣም ያመኛል። ማመሙ ደስ ይላል፤ የእኔ ነው።

ግርማ ደወለ። ነገ 3 ሰዓት መኪና እልካለሁ አለ። መንገድ ለመሻገር መኪና አያስፈልገኝም አልኩት። ክብር ነው እታባ አለ። አትላክ አልኩት። ምን እንደምናገር ጠየቀኝ። ነገ ትሰማለህ አልኩት። ጆሮው ምን እንደሆነ አላየሁም፣ የእኔ ግን ቀልቷል። ይቀየመኛል። ልጄ ነው ማለት ይቻላል፣ ሌላ የለኝም። ይቀየመኝ።

የምናገረውን በመስታወት ፊት ተለማመድኩ፣ ት/ቤት እንዳስተማሩን፣ ድምፅ ከደረት። ቃሉ ይህ ነው፦ ቤቱን አልጠይቅም። የምጠይቀው ከኋላ ያሉት ሰዎች ከቤታቸው እንዳይነሱ ነው። ቀላል ነው። ማንም ልጅ ይችለዋል።

በመጀመሪያው ሙከራ አፌ «ይሁን» አለ።

እዚያው ቆሜ አሰብኩበት። ነገ እዚያ አዳራሽ ስገባ፣ ከዚያ ሚስማር ሥር ስቆም፣ ማን እንደሚናገር እርግጠኛ አይደለሁም። የባለቤት ልጅ ሆኜ ከገባሁ ባለቤቱ ይናገራል። ኦቦ ቶሎሳ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ሰው እንዴት እንደቆመ ነው ማንነቱ የሚወጣው። እኔ በዕድሜዬ በማንም ደጅ ቆሜ አላውቅም። ሲቆሙ ነው ያየሁት፣ ከመስኮት። አልተማርኩትም። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጊዜ ሞከርኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ስሞክር ብቻ ነው ቃሉ በራሴ ድምፅ የወጣው።

እየመሸ ነው። በመስኮት ማዶው ይታያል። የአባቴ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ሰው የተቀመጠ ይመስላል። ነጭ ለብሷል። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ምን ላይ እንደተቀመጠ አልገባኝም፤ ወንበሩ እዚህ ነው። መነጽሬ ጠረጴዛው ላይ ነው። አላነሳውም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

አልጋ ማንጠፍ።

ወንበሩን በራሴ እጅ ከበረንዳው ማውረድ። ከልብስ ሰፊው መጥረቢያ መዋስ። እንዲቆርጠው መጠየቅ፤ አልቆርጠውም ቢል ራሴ።

የማሩን ገንቦ ከፍቶ ለግቢው ልጆች ማካፈል። የከድጃን ጨርቅ ሳይፈታ፣ እንደታጠፈ መያዝ።

ነጠላዬን ማደግደግ። በደረት ማጣፋት፣ ጫፉን ወገብ ላይ።

መንገዱን መሻገር። ወደ በረንዳው ቀና ብሎ አለማየት። በጓሮ በር መግባት።

ከድጃ በር ላይ መቆም። ቀድማኝ አዳራሽ እንድትገባ መለመን፤ እኔ ከኋላዋ። ግን ከዚያ በፊት መቆም ብቻ። አለማንኳኳት። ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ፣ አጎንብሼ፣ ግቢ እስክትለኝ ድረስ።